መጋዝ፣ መድፍና የተከለከለው ስላይስ

መጋዝ የሚለውን ስም ያወጡላት ተመልካቾች ናቸው። እናቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነበር፤ በቴኒስ ክለቡ ውስጥ ያንን ስም የሚያውቀው መታወቂያ የሚያየው የበር ዘበኛ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን "መጋዝ፣ እንደምን ዋልሽ" ነበር የሚላት። ጠዋት ጠዋት መነፅር ቤት ትሠራለች። የሰው አፍንጫና ጆሮ እየለካች የጠበበውን ታሰፋለች፣ የላላውን ታጠብቃለች፣ "ይኼኛው ፊትዎን አወጣው" እያለች ትሸጣለች። ከሰዓት በኋላ ራኬቷን ይዛ ሜዳ ትወርዳለች። ሠላሳዎቹን ካጋመሰች ሰነባብታለች። እንዲያም ሆኖ ከክለቡ ሴቶች መካከል እሷን ረትታ በደህና ጉልበት ቤቷ የገባች አልነበረችም።

ለመጋዝነቷ ምክንያቱ ግራ እጇ ነው። በልጅነቷ ከደረጃ ላይ ወድቃ አንጓዋ ተሰበረ፤ ሲገጥም ደግሞ ጠመም ብሎ ገጠመ። በግራ ጎን የሚመጣውን ኳስ፣ ባክሃንድ የሚሉትን፣ ጓደኞቿ ራኬቱን በሁለት እጅ ጨብጠው ሲያጮሉት እሷ አልሆነላትም። በአንድ እጇ ላጩለው ብትል ኳሱ አጥር እየዘለለ የሰው መኪና ላይ አረፈ። በመጨረሻ ያኔ የነበሩት ሽማግሌ አሠልጣኝ ታከታቸውና፣ "እንግዲህ ጉልበቱን ተይው፣ ከሥር ፋቂው" አሏት።

ፋቀችው። ራኬቷን ከትከሻዋ ከፍ አድርጋ ከላይ ወደ ታች ስታወርደው የኳሱን ሆድ ልጣ ታልፋለች። ስላይስ የሚባለው ይኸው ነው። ኳሱ ወደ ኋላው እየተሽከረከረ፣ ቀጠሮ እንደሌለው ሰው ዝግ ብሎ መጥቶ መረቡን ለጥቂት ያልፋል። መሬት ሲነካ ግን እንደ ሌላው ኳስ አይነጥርም፤ በተጋጣሚዋ ቁርጭምጭሚት ሥር ሸርተት ይላል። ወገቧ ጋ የሚመጣ ኳስ የለመደች ልጅ ጎንበስ ትላለች፣ ከመሬት ልታነሳው ትታገላለች፣ መረቡ ላይ ትለጥፈዋለች። እንዲህ ጎንበስ ቀና ስትል ትውልና "ይቺ ሴትዮ ገዘገዘችኝ እኮ" እያለች ትወጣለች።

እናቷ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ክርክር በታይፕ ሲመቱ ኖረው፣ አሁን የሹራብ ክር ሥራቸውን ይዘው ከሜዳው ዳር ይቀመጣሉ። የቴኒስን ሕግ አያውቁም፤ ሊያውቁም አልፈለጉም። ሰው ስለ ልጃቸው ሲጠይቃቸው፣ "የኔ ልጅ ኳስ አትመታም፤ ታግባባለች" ይላሉ።

ነገሩ በዚህ ሁኔታ ሲኖር አዲስ የቴክኒክ ዳይሬክተር ተሾመ። የመጣው ከሩቅ አገር ሥልጠና ነው። ሥልጠናው አጭር ነበር፤ ስለ ሥልጠናው የሚያወራበት ጊዜ ግን ረጅም ሆነ። በመጀመሪያው ሳምንት ሴቶቹን ሁሉ አዳራሽ ሰበሰበና መብራት አስጠፍቶ ሥዕል ያሳያቸው ጀመር።

"ዘመናዊ የሴቶች ቴኒስ ማለት ጉልበት ማለት ነው" አለ። "ስላይስ ምንድን ነው? መከላከል ነው። መከላከል ምንድን ነው? ፍርሃት ነው። ፍርሃት ደግሞ ኋላ ቀርነት ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በሴቶች ቡድናችን ውስጥ ስላይስ አይመታም።"

መጋዝ ጨለማው ውስጥ እጇን አወጣች። እንደማትታይ ሲገባት ዝም ብላ ተናገረች።

"ወንዶቹስ?"

"ወንዶቹ ምን ሆኑ?"

"እነሱም ስላይስ ይመታሉ። ሊቀመንበራችን ራሳቸው ከሱ ሌላ ምት የላቸውም።"

"የወንድ ሌላ ነው" አለ ዳይሬክተሩ በትዕግሥት። "ወንድ ስላይስ ሲመታ ጉልበቱ እያለው ነው። ምርጫ ነው፣ ጥበብ ነው። ሴት ስትመታ ግን ምርጫ አጥታ ነው።"

"እኔ እኮ እውነትም ምርጫ የለኝም። እጄ ተሰብሮ ነው።"

"ይኸው" አለ ዳይሬክተሩ ደስ ብሎት ወደ ሌሎቹ እየዞረ፣ "አረጋገጠችልን።"

በማግስቱ በሜዳው አጥር ላይ ሰሌዳ ተሰቀለ። ቀሚስ የለበሰች ሴት ራኬቷን አጋድማ ይዛለች፤ በላይዋ ላይ ቀይ መስመር ተሰርዞባታል። ሊቀመንበሩ በሰሌዳው ሥር ቆመው ከጓደኛቸው ጋር ሲጫወቱ አረፈዱ። አሥር ኳስ ከመጣላቸው አሥሩንም ፋቁት፤ ዳይሬክተሩም "አይ ጥበብ" እያለ አጨበጨበላቸው።

ቀጥሎ የመጣው የፍጥነት መለኪያ ነው። ባለሦስት እግር መሣሪያ ከመረቡ ጀርባ ተተክሎ ኳሱ ሲያልፍ ቁጥር ያወጣል፤ በቡድኑ የምትቀረው በቁጥሯ ነው ተባለ። ልጆቹ ተራ በተራ እየገቡ አጮሉት። ከሁሉ ትልቁን ቁጥር ያመጣችው መድፍ የሚሏት ወጣት ናት። ቁመቷ መሰላል ነው። ስትመታ ድምፁ ዛፍ ላይ ያለ ወፍ ያስነሳል። ዳይሬክተሩ መሣሪያውን ሊስመው ደረሰ።

መጋዝ ተራዋ ደርሶ ገባች። ፋቀችው፤ ኳሱ መረቡን አልፎ ከማዶው መስመር ጫፍ ላይ ሸርተት አለ። በመሣሪያው ላይ ምንም ቁጥር አልወጣም። የመሣሪያው ባለሙያ ጎኑን መታ መታ አደረገው። ደግማ ፋቀች። አሁንም ምንም።

"ኳስ አላየሁም እያለ ነው" አለ ባለሙያው።

"ኳሱ እኮ ያውና ከማዶ" አለች መጋዝ። "ሄደህ ማንሳት ትችላለህ።"

"ማሽን አይዋሽም" አለ ዳይሬክተሩ። "ያልተመዘገበ ምት እንዳልተመታ ይቆጠራል።"

ከዳር የተቀመጡት እናቷ ክራቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው፣ "ይግባኝ የሚባለው የት ነው?" ብለው ጠየቁ።

መጋዝ ከቡድኑ ወጣች፤ ከሜዳው ግን አልወጣችም። ዳይሬክተሩ ብዙም ሳይቆይ ችግር ገጠመው። ልጆቹ እርስ በርስ ሲለማመዱ አንዷ ታጮላለች፣ ሌላዋ ታጮላለች፣ ሦስተኛው ምት ላይ ኳሱ ወይ አጥር ወይ መረብ ውስጥ ነው። ሲለማመዱ ይውሉና የሚያመሹት ኳስ ሲለቅሙ ነው። ኳስ የምትመልስ ሰው አስፈለገች። ክለቡን ከዳር እስከ ዳር ቢፈትሽ የመጣውን ሁሉ የምትመልስ አንዲት ሴት ብቻ ተገኘች።

"ኳስ መላሽ ሆነሽ ትረጃቸዋለሽ" አላት።

"ስላይስ የተከለከለ አይደለም እንዴ?"

"ክልከላው የቡድኑን ተጫዋቾች ነው። አንቺ እኮ ተጫዋች አይደለሽም።"

ሰው የሚናደድበት ቀን አለ፤ የሚስቅበትም ቀን አለ። መጋዝ የዚያን ቀን የትኛው እንደሆነ ሳትወስን ራኬቷን አነሳች። ቤት ስትገባ ለእናቷ ነገረቻቸው። "ተይው ልጄ" አሏት፣ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።"

አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሳት ለመድፍ መመለስ ነው። መድፍ በሙሉ ኃይሏ ትተኩሳለች፤ መጋዝ ትፍቃለች፤ ኳሱ መድፍ እግር ሥር ገብቶ ይተኛል። ዳይሬክተሩ ከዳር ሆኖ "ጉልበት ጨምሪ" ይላል። መድፍ ጉልበት ትጨምራለች፤ ኳሱ መረቡን ይመታል። አንድ ቀን ልምምዱ አልቆ ውሃ ሲጠጡ የልጅቷ ትዕግሥት አለቀ።

"እትዬ፣ እንደ ሰው ብትመቺ ምናለበት?"

"እንደ የትኛው ሰው?"

"ወገቤ ጋ ይምጣልኝ ነው የምልሽ። ጉልበት ያለው ኳስ ሲመጣ ጉልበቱን ይዤ እመልሰዋለሁ። ያንቺ ምንም የለውም፤ ከየት አምጥቼ ልምታው?"

"ወገብሽ ጋ የሚመጣ ኳስ ከፈለግሽ ግድግዳ አለልሽ" አለቻትና ጠርሙሷን ከደነች።

ነገሩ እውነት ነበር፤ ልጅቷም ታውቀዋለች። መጋዝ አንድም ቀን እጅሽን እንዲህ አድርጊ፣ እግርሽን እንዲህ አሳርፊ አላለቻትም። የሰሌዳው ክልከላ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ቅናት ነው። ለልጅቷ ያለ ዕድሜዋ የተሰጣትን ቁመት፣ ሁለት ቀጥ ያሉ አንጓዎቿን፣ ስትመታ ዞር ብሎ የሚያያትን ሰው ሁሉ ስታይ መጋዝ ዓይኗን ወደ ራሷ ጠማማ አንጓ ትመልስ ነበር። እሷን ሰው ዞር ብሎ የሚያያት ሲስቅ ብቻ ነው።

በዓመቱ ማለቂያ ላይ የከተማው ክፍት ውድድር መጣ። ክፍት የተባለው ቡድን የሌለውም በግሉ መግባት ስለሚችል ነው። መጋዝ በግሏ ገባች።

በመጀመሪያው ጨዋታ ከክለቧ ልጆች አንዷ ደረሰቻት። የመጋዝ ኳስ እግሯ ሥር ሲሸረተት ልጅቷ በተፈጥሮ ራኬቷን አጋድማ ልትፍቀው ከጀላት፤ ወዲያው ከዳር የተቀመጠውን ዳይሬክተር አየችና እጇን ሰበሰበች። በሁለት እጇ ጨብጣ ከመሬት ልታስፈነጥረው ሞከረች፤ መረቡ ያዘው። ሁለተኛዋም እንዲሁ፣ ሦስተኛዋም እንዲሁ። አንዷ ጉልበቷ ላይ በረዶ አስራ ወጣች። ሌላዋ እያለቀሰች፣ "ቁጥሬ እኮ ትልቅ ነበር" አለች። ዳይሬክተሩ ለጋዜጠኞች ልጆቹ በሽግግር ላይ መሆናቸውን አስረዳ።

ለዋንጫው መጋዝና መድፍ ቀሩ።

የዚያን ቀን ወንበሩ ሞላ። የመጀመሪያውን ዙር መጋዝ ወሰደችው። አልተቻኮለችም። በቀኝ ወደ ጥግ ትሰዳታለች፣ በግራ ትፍቅባታለች፣ ልጅቷ አጎንብሳ ሳትጨርስ እሷ ቦታዋ ተመልሳ ቆማለች። ቀስ ያለው ኳስ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ እሱ መንገድ ላይ ሳለ የመታችው ሴት ትንፋሿን ሰብስባ ትጠብቃለች። ተመልካቹ "ገዝግዣት" ይላል። እናቷ ክራቸውን ትተው ቀና አሉ።

በሁለተኛው ዙር አጋማሽ ላይ መጋዝ አንድ ኳስ ወደ ግራ መስመሩ ጫፍ ሰደደች። ልጅቷ ሮጠች፤ ግን ሁለት እጅ የሚያደርስ ጊዜ አልነበራትም። ግራ እጇን ለቀቀች። ራኬቷን ከትከሻዋ በላይ አነሳችና የኳሱን ሆድ ልጣ አለፈች።

ኳሱ ዝግ ብሎ መጥቶ መረቡን አለፈና በመጋዝ ቁርጭምጭሚት ሥር ሸርተት አለ። መጋዝ ጎንበስ አለች። ከመሬት ልታነሳው ታገለች። መረቡ ያዘው።

ዳይሬክተሩ ተነስቶ "አይሆንም፣ አይሆንም" እያለ እጁን አወናጨፈ። ዳኛው ከከፍተኛው ወንበራቸው ላይ ሆነው ካልተቀመጠ እንደሚያስወጡት ነገሩት። መድፍ አላየችውም፤ የራሷን እጅ ታያለች።

መጋዝ በሕይወቷ ስላይስ ስትመታ እንጂ ስላይስ ሲመታባት ኖራ አታውቅም። በክለቡ ከሷ ሌላ የሚመታ ሴት አልነበረም፤ ከመከልከሉም በፊት ሴቶቹ ያፍሩበት ነበር። አሁን ኳሱ ሲመጣላት ምንም ጉልበት የለውም፤ ከየት አምጥታ ትምታው? መልሳ ፋቀችው፤ ልጅቷም መልሳ ፋቀችው። እንዲህ እየተላላጡ ተመልካቹ አንገቱን እንደ ግድግዳ ሰዓት ፔንዱለም ሲያመላልስ ቆየ። ይህ ቢሆን እንኳ መጋዝ ትችለው ነበር፤ ገዝግዞ መክረም የሷ ሥራ ነው። ችግሩ ልጅቷ ፍቃ ፍቃ ስታበቃ፣ የመጋዝ መልስ ትንሽ ከፍ ሲልላት፣ ሁለት እጇን ጨብጣ መተኮሷ ነው። ዝቅ ያለውን ጠብቃ ጎንበስ ያለችው መጋዝ የተተኮሰውን በዓይኗም አልደረሰችበትም። እሷ ያላት መጋዝ ብቻ ነው፤ ልጅቷ ግን መጋዝም መድፍም ያዘች።

ሁለተኛው ዙር ሄደ። ሦስተኛውም ሄደ። መረቡ ላይ ሲጨባበጡ መጋዝ የልጅቷን እጅ ሳትለቅ፣

"ማን አስተማረሽ?" አለቻት።

"ማንም። ባንቺ ተሸንፌ ተሸንፌ ነው፣ እትዬ።"

መጋዝ ፈገግ ብላ ተለየቻት፤ ፈገግታው ግን ከመልበሻ ክፍሉ በር አላለፈም። አውቶቡስ ውስጥ ኪሱን የተሰረቀ ሰው የሚሰማው ዓይነት ነገር ነው የተሰማት፤ ኪሱ ባዶ ሆኖ ሳለ ደጋግሞ እንደሚዳብሰው። በማግስቱ መነፅር ቤት የአንድ አዛውንት መነፅር ክንድ ስታስተካክል ተሰብሮ እጇ ላይ ቀረ። ይቅርታ ጠይቃ ሌላ ሰጠቻቸው። ማታ እናቷ ፊቷን አይተው፣

"ተቀማሁ ነው የምትይው ወይስ አወረስኩ?" አሏት።

"ልዩነቱ ምንድን ነው፣ እማዬ?"

"የተቀማ ይከስሳል። ያወረሰ ደግሞ መሞት አለበት። አንቺ ክስም የለሽም፣ አልሞትሽምም።" ትንሽ አሰቡ። "እንዲህ ያለ መዝገብ በኔ ጊዜ አልመጣም። ራትሽን ብዪ።"

ዳይሬክተሩ ግን ነገሩ እንዴት እንደሚመዘገብ ወዲያው ገብቶት ነበር። ዋንጫው ሲሰጥ ማይክሮፎኑ ፊት ቀድሞ ቆመና፣ የታየው ድል ክለቡ የነደፈው ፕሮግራም ፍሬ መሆኑን ተናገረ። ምቱንም "ዝቅ ብሎ የሚጓዝ የኃይል ምት" ብሎ ጠራው።

"ስላይስ አይደለም እንዴ?" አለች አንዲት ጋዜጠኛ።

"ስላይስ መከላከል ነው። ይኼ ማጥቃት ነው።"

"ሲታዩ ግን አንድ ናቸው።"

"ልዩነቱ የአስተሳሰብ ነው" አለ ዳይሬክተሩ።

የአጥሩ ሰሌዳ ወረደና ተመልሶ ተሰቀለ። ሴቲቱ ያችው፣ ቀሚሱም ያው፣ የተጋደመው ራኬትም ያው፤ ቀዩ መስመር ተፍቆ በቦታው አረንጓዴ ምልክት ተቀብቷል። የቡድኑ ሴት ሁሉ አዲሱን ምት በሥልጠና እንድትወስድና እንድትፈተን ታዘዘ። መጋዝም ወደ ቡድኑ መመለስ ከፈለገች መሠልጠን አለባት ተባለ። ፈለገች፤ ጨዋታ ናፍቋታል። ከልጆች መካከል ተሰልፋ አሠልጣኙ "ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች" ሲል ከላይ ወደ ታች አደረገች።

የፈተናው ዕለት ፈታኙ የራኬቷን ጥመት እንደ ጂኦሜትሪ አስተማሪ በፕሮትራክተር ለካው። ክርኗ ወደ ውጭ ይወጣል አለ። ራኬቱን ከሚገባው በላይ ታነሳለች አለ። በመጨረሻም ራሱን ነቀነቀ።

"እህቴ፣ መሠረቱ ይጎድልሻል። ግን ተስፋ አትቁረጪ፤ በዚህ ዕድሜሽም ቢሆን ከተለማመድሽ ትደርሺበታለሽ።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለችው።

እናቷ ይህን ሲሰሙ የክር ድቡልቡላቸው ከጭናቸው ወድቆ አልጋ ሥር እስኪገባ ድረስ ሳቁ። መጋዝ መጀመሪያ ኮስተር ብላ ቆየች። ኋላ አልጋው ሥር ተንበርክካ ድቡልቡሉን ስትፈልግ ሳቁ ያዛትና እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

በተከታዩ ዓመት የሴቶች ቴኒስ ሁሉ ፍቂያ ሆነ። አንዷ ትፍቃለች፣ ሌላዋ ትፍቃለች፤ ደፍራ የምታጮል የለችም፣ ምክንያቱም ማጮል አሁን ኋላ ቀር ነው። አንድ ጨዋታ ላይ ዳኛው ከፍተኛው ወንበራቸው ላይ እንዳሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ተጫዋቾቹም ነጥቡን ራሳቸው ተስማምተው ቀጠሉ። የተመልካቹ ወንበር ባዶ ሆነ። ዳይሬክተሩ ባቀረበው ንግግር ጨዋታዎች ረጅም ጊዜ መውሰዳቸው የስፖርቱን እድገት እንደሚያሳይ ገለጸ። በዚህ ውጤቱም ወደ ውሃ ዋና ፌዴሬሽን በእድገት ተዛወረ። እዚያ በመጀመሪያው ስብሰባ፣ በጀርባ እየተንሳፈፉ መሄጃን ሳያዩ መዋኘት ለሴቶች እንደማይመጥን አስረድቷል ይባላል።

መድፍ ብቻ በዚህ ሁሉ መካከል በፈለገች ጊዜ ትፍቃለች፣ በፈለገች ጊዜ ትተኩሳለች። ቁጡ ስለሆነች የሚናገራት የለም፤ ስለምታሸንፍም የሚከለክላት የለም።

አንድ ጠዋት የመነፅር ቤቱ በር ተከፈተና መድፍ ጎንበስ ብላ ገባች። ባንኮኒው ፊት ያለው ወንበር ላይ ስትቀመጥ ጉልበቷ መደርደሪያውን ነካው።

"ዓይንሽ ምን ሆነ?" አለች መጋዝ።

"ዓይኔ ደህና ነው። የጥንድ ጨዋታ ላይ አብረሽኝ ተመዝገቢ ልልሽ ነው።"

መጋዝ ከመደርደሪያው አንድ የፀሐይ መነፅር አንስታ ልጅቷ አፍንጫ ላይ አስቀመጠች፤ ጆሮዋ ጋ ጠበበ። አወለቀችው፣ ክንዱን ትንሽ ገፋ አደረገች፣ መልሳ አጠለቀችላት።

"የምስክር ወረቀት የለኝም እኮ" አለች በመጨረሻ። "መሠረት ይጎድለኛል።"

"ጥንድ ላይ አይጠይቁም። ስሚኝ፣ እትዬ። አንቺ ዝቅ ታደርጊባቸዋለሽ። ዝቅ ያለ ኳስ ከመረብ ለማሳለፍ ወደ ላይ ማንሳት የግድ ነው። ወደ ላይ ሲያነሱት እኔ መረቡ ጋ ቆሜ እጠብቃለሁ።"

"ይህን መቼ አሰብሽው?"

"የዋንጫው ዕለት። ላንቺ ለመናገር ፈርቼ ነው የቆየሁት።"

"እኔን?"

"አንቺን ነዋ። ዳይሬክተሩን ማን ይፈራል።"

መጋዝ መነፅሩን ከልጅቷ ፊት አወለቀችና በጨርቅ እየወለወለች ወደ መስኮቱ ዞረች። የምትወለውለው መስታወት ግን ንጹሕ ነበር።

"ግራ እጄን እንዳትነኪብኝ ብቻ" አለች። "አንዳንዴ ሲበርድ ያመኛል።"

በመጀመሪያው ጨዋታቸው ተሸነፉ። የተሸነፉት በተጋጣሚ ብርታት አይደለም፤ በመካከላቸው የሚመጣውን ኳስ ሁለቱም ስለሚተዉት፣ ወይም ሁለቱም ስለሚሄዱበት ነው። አንዴ ራኬትና ራኬት ተጋጭቶ የመድፍ ራኬት ተሰነጠቀ። ከሜዳ ወጥተው የጫማ ክራቸውን እየፈቱ ይጨቃጨቁ ጀመር።

"የመሀሉ የኔ ነው" አለች መጋዝ።

"በምን ሕግ?"

"በዕድሜ።"

"እኔ እኮ መረቡ ጋ ነኝ፤ ቀድሞ የሚደርሰው እኔ ጋ ነው።"

"ቀድሞ የሚደርሰው ሁሉ ያንቺ ነው ያለሽ ማነው?"

የመጋዝ እናት ክራቸውን ጠቅልለው ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ቆመው ይጠብቋቸው ነበር። ጭቅጭቁ እንደማያልቅ ሲገባቸው ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ሹራቡን ካቆሙበት ቀጠሉ።